ብር አለ

ሮስቪታ ቦቲ ጫማዋን እስከ ጉልበቷ አጥልቃ
በሙልደ ወንዝ ዳርቻ፣ ጎርፍ ከሸሸው መስክ ዘልቃ
ጭቃ ትጨልፋለች፤ በማንኪያ፣ ለጠርሙስ፣
ለታመመ ሕፃን ሽሮፕ እንደሚሰፍር ነርስ።
ክዳኑን አጥብቃ በእርሳስ ትጽፋለች፦
«ሰኔ። ሜዳ አራት። ከአኻያው በስተግራ።»
ቀና ትላለች።
ሽመላ ቆሟል በአንድ እግሩ፣ እሱም በራሱ ሥራ።

የአያቷ አያት እላይ፣ ከተራራው ሆድ፣
በሻማ ጭላንጭል፣ በመዶሻ ጉልበት፣
ብር ሲፈለቅቅ ኖሮ
ሳንባው ድንጋይ ሆኖ ሞተ በአርባ ዓመቱ፤
ብሩ ለመስፍኑ፣ ሳሉ ለሚስቱ።
ያ ብር ማንኪያ ሆነ፣ ጽዋ ሆነ፣ ሳንቲም ሆነ፤
በጣት ተቆጠረ፣ በሚዛን ተመዘነ።

አሁን ግን ብር ደቀቀ፤
ከዱቄት አልፎ፣ ከጢስ አልፎ ረቀቀ።
የአንዲት ፀጉር ውፍረት የዋርካ ግንድ ቢያክል
እሱ በግንዱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ነው ቢባል
አልተጋነነም። ሂሳቡን ሠርታዋለች።

ከየት እንደሚመጣም፣ ከአንዱ ምንጭ፣ ታውቃለች።
ልጇ ቶርበን ሯጭ ነው፤ ካልሲውን እሷው ገዛች።
«እግር አይሸትም» ይላል ማሸጊያው ላይ የተጻፈው፤
ክሩ ውስጥ ብር አለ፣ ጀርሙን የሚገድለው።
ቅዳሜ ማታ ማሽኑ ካልሲውን ሲያሽከረክር
ብር ብር ይላል ብሩ፣ በአረፋ ታዝሎ ሲበር፤
አብዛኛው በማጣሪያው ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፣
ጥቂቱ ግን ያመልጣል፣
ያ ቆፋሪ እጁን ወደታጠበበት ወንዝ።

ማደሪያ የሌለው ወንዝ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል።
ግንድማ ደግ ነው፤ ይታያል፣ ይጎተታል በገመድ፤
ይህ የማይታየው ግን ይገባል እንደ ዘመድ፣
በአልጌው ደጃፍ፣ በቀንድ አውጣው ሆድ።

ጭቃው ግን አስተዋይ ነው።
ከታች፣ አየር በማይደርስበት፣ የገማ እንቁላል በሚሸት ጨለማ፣
ድኝ አለ፣ ለብሩ የሚያለብሰው ጥቁር ሸማ።
ተከናንቦ ይተኛል። ሰው አይጎዳ፣ ዓሣ አይጎዳ።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ተረቱ፤
ጭቃን ረስቶ ነው፤
ጭቃም አይለቅም፣ እስኪደርቅ አናቱ።

ሮስቪታን እንቅልፍ የነሣት ይህ «እስኪደርቅ» ነው።
ያለፈው ክረምት በረዶ አልጣለም፣ በጋው ከረረ፤
መስኩ እንደ አሮጌ ሸክላ ተሰነጣጠረ፤
በስንጥቁ አየር ገባ፣ ሸማው ተገለጠ፤
ቀጥሎ ጎርፉ መጣ፤ የተኛውን ቀሰቀሰ፣ ወደ ሣሩ ረጨ፣
ወይም ወደ ባሕር ሄደ፣
ወይም እንደተኛ ነው።
ሦስቱም ልክ ሊሆን ይችላል። ይህ ነው የሚያናድደው።

ኤኬሃርት፣ የሜዳው ባለቤት፣ ትራክተሩን አቁሞ
«ድርቆሹን ላሞቼ ይብሉት?» አላት፣ ከላይ ቆሞ።
አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።
«ሦስት ዓመት ስጠኝ፤ ስንት እንዳለ እነግርሃለሁ።
ምን እንደሚያደርግ ግን…» ድልድዩን አየችው።
«ላም ሦስት ዓመት አትጾምም» አለ፤ ሞተሩን አስነሣው።

ማታ በላቦራቶሪ አንዲት የመሬት ትል
በአሲድ ውስጥ ሟሙታ ሆነች ጥርት ያለ ጠል።
መሣሪያው አጉረመረመ፤ አንድ ቁጥር ተፋ፤
ትንሽ ናት፤ ግን ዜሮ አይደለችም።
በመዝገቡ ጠርዝ ሁለት ቃል ጻፈች፦ ብር አለ።
እንደ ወፍ እንዳይሉት፣ በርሮ አልተገላገለም፤
እንደ ሀብት እንዳይሉት፣ የትም አይመነዘርም።

ቤቷ ስትገባ ከኮሪደሩ ጫፍ የቶርበን ድምፅ፦
«እማዬ፣ ነገ ሩጫ አለኝ፤ ካልሲዬስ?»
ብትጥለው ወዴት? ብታጥበው ወዴት?
«ገመዱ ላይ ነው» አለች፤
ጠብ ይላል ገና፣ በባልዲው ውስጥ።